እንቅልፍ እምቢ ሲል የማንን በር እናንኳኳ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ለሐኪም የምናገረው አንድ ነገር ነበር፦ «እንቅልፍ የለኝም»። እሱ የእንቅልፍ ኪኒን ያዝዝልኛል፣ እኔም እውጣለሁ። ጠዋት ግን ጭንቅላቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል። በመጨረሻ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ስለ ኪኒኑ አልጠየቀኝም። «አብሮህ የሚተኛ ሰው አለ? ምን ይልሃል?» አለኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ጊዜ አላጠፋችም። «ያንኮራፋል፤ ከዚያ ድንገት ጭጭ ይላል፤ ሞተ ብዬ ስነቀንቀው ደግሞ እንደገና ያጓራል» አለች። ለካ ተኝቼ ነበር። ትንፋሼ ነው እየተቆራረጠ ሲቀሰቅሰኝ የሚያድረው።

የእንቅልፍ ችግር ሲባል አንድ በሽታ ይመስላል እንጂ በደርዘን የሚቆጠሩ ሕመሞች የጋራ ስም ነው። አንዱን የሚያድነው ሌላውን ያባብሰዋል። ስለዚህ «የቱ ሕክምና ይሻላል?» ከማለታችን በፊት «የእኔ የቱ ነው?» ማለት ይቀድማል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በየበሩ የተንከራተትኩ በሽተኛ ነኝ። ምርጫዎቹን ከዚያ ወንበር ሆኜ ላነጻጽራቸው።

ቅሬታችሁ የትኛው ነው?

የመጀመሪያው ቅሬታ «አልተኛም» ነው። ጣሪያ ሲቆጥሩ ማደር፣ ወይም ሌሊት ነቅቶ ዳግም እንቅልፍ አለመያዝ። ይህ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እየሆነ 3 ወር ከዘለቀ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። ለመተኛት ጊዜውም ቦታውም እያለ አለመተኛት ነው ሕመሙ። ሕፃን ሲያባብል ያደረ ሰው እንቅልፍ አምሮት ነው እንጂ በሽታ የለበትም።

ሁለተኛው «እተኛለሁ፣ ግን አይጠቅመኝም» ነው። ስምንት ሰዓት ተኝቶ ደክሞ መነሳት፣ ስብሰባ ላይ ማንጎላጀት፣ ይባስ ብሎ መሪ ይዞ ዓይን መክደን። እዚህ ጋ ቀድሞ የሚጠረጠረው በእንቅልፍ ውስጥ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ፣ ስሊፕ አፕኒያ ነው። ኃይለኛ ማንኮራፋት፣ የጠዋት ራስ ምታት፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሳት፣ በመድኃኒት አልወርድ ያለ የደም ግፊት አብረውት ይታያሉ።

ሦስተኛው «ተኝቼ የማደርገውን ነገር አላውቀውም» ነው። በእንቅልፍ ልብ መሄድ፣ መጮህ፣ ሕልም ውስጥ የጀመሩትን ድብድብ አጠገብ በተኛው ሰው ላይ መጨረስ።

ቅሬታዎቹ ይደራረባሉ። አፕኒያ ያለበት ሰው እንቅልፍም ሊያጣ ይችላል። በተለይ ሴቶች ላይ አፕኒያው ድካምና እንቅልፍ ማጣት መስሎ ስለሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ «ጭንቀት ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ጠቅላላ ሐኪም ወይስ በቀጥታ ስፔሻሊስት?

ለአብዛኛው ሰው ጠቅላላ ሐኪም ይበቃል፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ጉዞ። ምክንያቱም እንቅልፍን የሚያበላሸው ነገር ብዙ ጊዜ ከእንቅልፍ ውጭ ነው። የታይሮይድ መዛባት፣ የብረት ማነስ፣ ያልተያዘ ስኳር፣ ድብርት፣ ሥር የሰደደ ሕመም፣ የጨጓራ አሲድ። ከእነዚህ አንዳንዶቹን ተራ የደም ምርመራ ያወጣቸዋል። ከዚያ የምትወስዱት መድኃኒት አለ። ስቴሮይድ፣ አንዳንድ የደም ግፊትና የድብርት መድኃኒቶች፣ አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ኪኒኖች እንቅልፍ ይነሳሉ። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ሽንት ቤት ያመላልሳል። መድኃኒቱን ወደ ጠዋት ማዛወር ብቻ ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ አለ። ሰዓቱን መቀየር ግን ያዘዘው ሐኪም ሥራ ነው።

ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው መቼ ነው? ትንፋሻችሁ ሲቆም ሰው ካየ፣ እየነዳችሁ ካንጎላጃችሁ፣ ስትስቁ ወይም ስትደነግጡ ጉልበታችሁ ድንገት የሚከዳችሁ ከሆነ፣ በሕልማችሁ እየተነሳችሁ ራሳችሁን ወይም ሌላውን የምትጎዱ ከሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ካለ «እስኪ ትንሽ እንየው» የሚለውን መልስ ይዛችሁ አትመለሱ። ሪፈር ጠይቁ።

ሪፈሩ ለማን ይጻፍ? የእንቅልፍ ሕክምና ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ግን ሐኪሞቹ የሚመጡት ከተለያየ ሙያ ነው፣ የመጡበት ሙያም ይታይባቸዋል። ለአፕኒያ የሳንባ ሐኪም፣ አፍንጫና ቶንሲል ከተጠረጠረ የአንገት በላይ ሐኪም። ለናርኮሌፕሲ (ቀን ላይ የማይቋቋሙት እንቅልፍ የሚጥልበት ሕመም)፣ ለእግር መቁነጥነጥና በሕልም ለመደባደብ የነርቭ ሐኪም። ለእንቅልፍ ማጣት ደግሞ በዚሁ የሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የሥነ አእምሮ ሐኪም። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂድ ሲባል «እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። አይደለህም። እንቅልፍ ማጣትን በመንቀሉ ረገድ በጣም የተፈተነው ሕክምና እዚያ ስላለ ነው።

ባዶ እጅ አትሂዱ

የ15 ደቂቃ ቀጠሮ ላይ የሁለት ዓመት ሌሊት አይተረክም። የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ማስታወሻ ያዙ፦ መቼ አልጋ ላይ ወጣሁ፣ በግምት መቼ ተኛሁ፣ ስንቴ ነቃሁ፣ መቼ ተነሳሁ፣ ቀን ተኛሁ ወይ፣ ቡና መቼ ጠጣሁ። ሌሊት ላይ ግን ሰዓት እያያችሁ አትጻፉ፤ ጠዋት በግምት ይበቃል። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጨምራችሁ ጻፉ። ከተቻለ አብሯችሁ የሚተኛውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ካልተቻለ በስልክ የተቀረጸ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ሁለት መጠይቆችም አሉ። አንደኛው ኤፕዎርዝ ይባላል፤ አውስትራሊያዊው ሐኪም ሙሬይ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ነው። ስታነቡ፣ ቴሌቪዥን ስታዩ፣ መኪና ውስጥ ተሳፍራችሁ ስትሄዱ የማንጎላጀት ዕድላችሁን ይጠይቃል። ውጤቱ ከ0 እስከ 24 ነው፤ ከ10 በላይ ከሆነ የቀን እንቅልፉ በዝቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ስቶፕ-ባንግ ነው። ስምንት ጥያቄ ብቻ፦ ማንኮራፋት፣ ድካም፣ ትንፋሽ ሲቆም መታየት፣ የደም ግፊት፣ ውፍረት፣ ከ50 በላይ ዕድሜ፣ ከ40 ሴንቲሜትር በላይ የአንገት ዙሪያ፣ ወንድነት። 5ና ከዚያ በላይ «አዎ» ካላችሁ የአፕኒያ ስጋታችሁ ከፍተኛ ነው። መጠይቅ አይመረምርም፤ ሐኪሙን ግን ያፈጥነዋል።

ምርመራው፦ ቤት ወይስ ላብራቶሪ?

መጀመሪያ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልናገር። ተራ እንቅልፍ ማጣት የሌሊት ምርመራ አያስፈልገውም። የሚለየው በጥያቄና በማስታወሻው ነው። ሌላ ነገር ሳይጠረጠር «አንድ ሌሊት አድራችሁ ካልተመረመራችሁ» የሚል ካለ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ለአፕኒያ ግን ምርመራ የግድ ነው። በቤት የሚደረገው ቀላል ነው። ትንሽ መሣሪያ ይሰጣችኋል፤ አፍንጫ ላይ ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶ፣ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ አድርጋችሁ በራሳችሁ አልጋ ትተኛላችሁ። ርካሽ ነው፣ ወረፋውም አጭር ነው። ጉድለቱ፣ አብዛኛዎቹ የቤት መሣሪያዎች የአንጎል ሞገድ አይለኩም። ስለዚህ ተኝታችሁ ይሁን ነቅታችሁ አያውቁም። ፈጣችሁ ያደራችሁበት ሰዓትም እንደ እንቅልፍ ስለሚቆጠር ችግሩ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

የላብራቶሪው ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል። ሽቦ በሽቦ ሆናችሁ ታድራላችሁ። የአንጎል ሞገድ፣ የዓይንና የጡንቻ እንቅስቃሴ፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ኦክስጅን፣ የእግር እንቅስቃሴ ሁሉ ይመዘገባል። «በዚህ ሁሉ ሽቦ እንዴት ይተኛል?» ብዬ ነበር። ይተኛል። እንደ ቤት አይደለም እንጂ ለምርመራው የሚበቃ እንቅልፍ ይመጣል።

ምርጫው እንዲህ ነው። ኃይለኛ አንኮራፊ፣ ቀን የሚያንጎላጅ፣ ሌላ ከባድ በሽታ የሌለበት አዋቂ ከሆናችሁ የቤቱ ይበቃል። ከባድ የልብ ወይም የሳንባ በሽታ፣ የጡንቻና ነርቭ ሕመም፣ ስትሮክ ያለፈበት ሰው፣ ወይም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ ማለትም ኦፒዮይድ የሚወስድ ሰው ላብራቶሪ ይሂድ። ናርኮሌፕሲ ወይም በሕልም መደባደብ ከተጠረጠረም እንዲሁ። ለሕፃናትም የሚመረጠው ላብራቶሪው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ምልክቱ ሁሉ ኖሮ የቤቱ ምርመራ «ምንም የለም» ካለ ጉዳዩ አልተዘጋም። የላብራቶሪውን ጠይቁ።

ውጤቱ ላይ የምትፈልጉት ቁጥር ትንፋሽ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ የሚናገረው ነው። ለአዋቂ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። አንድ መቋረጥ ለመባል ቢያንስ 10 ሰከንድ መቆየት አለበት። በሰዓት 30 ጊዜ ማለት በየሁለት ደቂቃው መታነቅ ነው። ባለቤቴ ስትነቀንቀኝ ማደሯ አይገርምም።

ለእንቅልፍ ማጣት፦ ኪኒን ወይስ ሲቢቲ-አይ?

እዚህ ላይ አቋም አለኝ። ሲቢቲ-አይ ለእንቅልፍ ማጣት ተብሎ የተዘጋጀ የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ያለበት አዋቂ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ያግኝ ብሏል። የአውሮፓው መመሪያም ይህንኑ ያስቀድማል። በተግባር ግን ቀድሞ እጃችን የሚገባው ኪኒኑ ነው፤ ማዘዣ ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ይበቃላ።

ሲቢቲ-አይ «ስልክ አታይ፣ ቡና አትጠጣ» የሚል ምክር ብቻ አይደለም። ያማ የእንቅልፍ ንጽህና ነው፤ ለብቻው ሥር የሰደደውን አይነቅልም። የሕክምናው ጡንቻ ያለው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው አልጋና እንቅልፍን ዳግም ማስታረቅ ነው፦ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ አልጋ መውጣት፣ 20 ደቂቃ ያህል ካልመጣ ተነስቶ ሌላ ክፍል መሄድ፣ አልጋ ላይ አለመሥራትና አለመብሰልሰል። ሁለተኛው አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት መቀነስ ነው። 9 ሰዓት አልጋ ላይ ውሎ 5 ሰዓት ተኩል ብቻ የሚተኛ ሰው፣ የሚፈቀድለት 5 ሰዓት ተኩል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት ካለበት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል በፊት አልጋ የለም። ከዚያ እንቅልፉ ሲጠና በየሳምንቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይጨመርለታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ። ይህን ቀድሞ የሚነግራችሁ ባለሙያ ጥሩ ባለሙያ ነው። ብዙውን ጊዜ ሕክምናው ከ4 እስከ 8 ቀጠሮ ያልቃል፤ ጥቅሙም ካለቀ በኋላ ይቆያል። የሰዓት ቅነሳው ግን ለሁሉም አይሆንም። ባይፖላር የተባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ያልታከመ አፕኒያ ያለበት፣ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል አይሞክረው። ባለሙያ በአካል ካልተገኘ በኢንተርኔት የሚሰጠውም በጥናት የተፈተነ ነው። በአካል የሚሰጠው የሚበልጠው ጉዳዩ የተወሳሰበ ሲሆን፣ ወይም ብቻውን የጀመረውን የማይጨርስ ሰው ሲሆን ነው። እኔ ሁለተኛው ዓይነት ነኝ።

ኪኒንስ ከነጭራሹ አይረባም? ይረባል፤ ለአጭር ጊዜ፣ ለሐዘን ወይም ለድንገተኛ ጭንቀት ሳምንታት። ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት ልማድ ያሲዛሉ፣ ድንገት ሲቆሙም እንቅልፉ ይብሳል። እንደ ዞልፒደም ያሉት ከእነሱ ቢሻሉም ሰው ተኝቶ የሚሄድበት፣ ምግብ የሚያበስልበት፣ መኪና የሚነዳበት ጊዜ ስለነበር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ አስጽፎባቸዋል። ያለ ማዘዣ የሚገኙት የአለርጂ ኪኒኖች ያስተኛሉ፤ ግን አረጋውያንን ያደናግራሉ፣ ይጥላሉ። ሜላቶኒን ሰውነት ራሱ የሚሠራው የጨለማ ምልክት ነው። የተዛባ ሰዓት ለማስተካከል ይረዳል፤ ለተራ እንቅልፍ ማጣት ግን ኃይሉ ትንሽ ነው። አልኮል ደግሞ ያስተኛል፣ ከዚያ በሌሊቱ እኩሌታ ይቀሰቅሳል።

ኪኒን ከተሰጣችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ለስንት ሳምንት ነው? እንዴት አቆመዋለሁ? አፕኒያ እንደሌለብኝ ታይቷል? እኔ ሦስተኛውን አልጠየቅኩም። የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች ትንፋሽን ሊያዳክሙ፣ የጉሮሮን ጡንቻም ሊያላሉ ይችላሉ።

ለአፕኒያ፦ ማሽን፣ የአፍ መሣሪያ ወይስ ቀዶ ሕክምና?

ማሽኑ ሲፓፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሊን ሳሊቫን የተባለ ሐኪም ሲድኒ ላይ ያስተዋወቀው ነው። በጭምብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ለመካከለኛና ለከባድ አፕኒያ የሚወዳደረው የለም፤ ለአንዳንዱ ለውጡ ከመጀመሪያው ጠዋት ይታያል። የቀን እንቅልፍን ያጠፋል፣ ደም ግፊትን በመጠኑ ያወርዳል። «ከልብ ድካምና ከስትሮክ ያድናል» የሚለው ግን በትልልቅ ጥናቶች እንደተጠበቀው አልወጣም። ስለዚህ ምንም የማያንጎላጅ፣ ቀላል አፕኒያ ብቻ ያለበት ሰው ማሽን የግድ ነው ቢሉት ቆም ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ችግሩ፣ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ማሽን አያክምም። ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይተወዋል፤ ምክንያቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጭምብሉ ነው። ሁለት ጭምብል ከቀየርኩ በኋላ ነው የተስማማኝ። አፍ የሚደርቅ ከሆነ እርጥበት ሰጪ ይጨመራል፣ ግፊቱ ካየለ ይስተካከላል። ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት «ጭምብሉ ባይሆነኝ ትቀይሩልኛላችሁ?» በሉ። ከማሽኑ ሞዴል ይልቅ ይህ መልስ ይበልጣል።

የአፍ መሣሪያው የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ የሚይዝ ነው። በጥርስ ሐኪም በልክ ይሠራል። ትንፋሽ መቋረጡን የሚቀንሰው ከሲፓፕ ባነሰ መጠን ነው፤ ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ያደርገዋል፣ በዚህም ልዩነቱ ይጠባል። ለቀላልና ለመካከለኛ፣ ወይም ማሽን እምቢ ላለው ጥሩ ነው። ጤነኛ ጥርስ ይፈልጋል፤ ከጊዜ በኋላ የጥርስ አገጣጠምን ሊያዛባ ስለሚችል ክትትል አለው።

ቀዶ ሕክምና ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ነው። ለሕፃናት ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ቶንሲልና አዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለ እጢ) ማውጣት የመጀመሪያው ምርጫ ይሆናል። የሚያንኮራፋ፣ ቀን የሚቅበጠበጥና ትምህርት ላይ የማይረጋ ልጅ ካለ፣ «ዱርዬ ነው» ከማለታችሁ በፊት ጉሮሮውን አሳዩ። የምላስን ነርቭ የሚያነቃ በደረት ቆዳ ሥር የሚቀበር መሣሪያም አለ፤ ለተመረጡ ሰዎች ነው።

ክብደት መቀነስ ከሁሉም ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ከልክ ያለፈ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ አፕኒያ ላላቸው አዋቂዎች ቲርዜፓታይድ የተባለው መርፌ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ለአፕኒያ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ክብደቱ እስኪቀንስ ግን ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ ማሽኑን መጣል የለም። በጀርባ ሲተኛ ብቻ የሚብስበት ሰው ደግሞ በጎን መተኛት ብዙ ይረዳዋል።

የቀሩት ባጭሩ

ማታ ማታ እግራችሁን የሚያቁነጠንጣችሁ፣ ስትንቀሳቀሱ የሚሻላችሁ ከሆነ የብረት ክምችት፣ ማለትም ፌሪቲን አስለኩ። ለዚህ ሕመም ሲሆን ሐኪሞች 75 ናኖግራም በሚሊሊትርና ከዚያ በታች ሲሆን ብረት ለመስጠት ያስባሉ፤ «ኖርማል ነው» ተብሎ የተመለሰ ውጤት እንኳ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚመስሉት መድኃኒቶች መጀመሪያ ተአምር ይሠራሉ፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን ሕመሙን ራሳቸው ያባብሱታል።

ናርኮሌፕሲ የላብራቶሪ ሌሊት ካለፈ በኋላ በማግስቱ በየሁለት ሰዓቱ በሚደረጉ አጫጭር የእንቅልፍ ፈተናዎች ነው የሚለየው። ከ50 ዓመት በኋላ በሕልም መደባደብ የጀመረ ሰው ደግሞ የነርቭ ሐኪም ይየው፤ አንዳንዴ ከፓርኪንሰን ዓመታት ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ነው። ቀጠሮው እስኪደርስ ስለታማና የሚሰበር ነገር ከአልጋው አጠገብ ይራቅ።

የእጅ ሰዓቱስ?

እንቅልፍ የሚለካው ዘመናዊ የእጅ ሰዓት ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ ይነግራል፤ ጥልቅ እንቅልፍና ሕልም እያለ የሚከፋፍለው ግን ግምት ነው። አንዳንዶቹ አሁን የአፕኒያ ጥርጣሬ ያሳውቃሉ። ሰዓቱ «ተመርመሩ» ካላችሁ ተመርመሩ። ሰዓቱ ዝም ካለ ግን ነፃ ናችሁ ማለት አይደለም። እንቅልፍ ማጣት ያለበት ሰው ሰዓቱን ቢያወልቀው እመርጣለሁ፤ ጠዋት ጠዋት «ውጤቴ ስንት መጣ?» እያለ ሲጨነቅ ማታ ጭራሽ አይተኛም።

ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ

አፕኒያ የጠረጠራችሁ ሁሉ እስከዚያው ሲያንጎላጃችሁ አትንዱ፣ ከመኝታ በፊት አትጠጡ፣ ያለ ሐኪም የሚያስተኛ ኪኒን አትዋጡ፣ በጎን ተኙ። በመሀል ለሌላ ሕመም ቀዶ ሕክምና ከተያዘላችሁ ለማደንዘዣ ሐኪሙ «አንኮራፋለሁ፣ ትንፋሼም ይቆማል ይሉኛል» ብላችሁ ንገሩ። ያ ስምንት ጥያቄ ያለው ስቶፕ-ባንግ መጀመሪያ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው፤ ካናዳ ያሉ የማደንዘዣ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎችን ለመለየት ያወጡት ነው።